የኮምላዎች ዝንብ

በተራራዋ ከተማችን በአቬጋ ማክሰኞ የተወለደ ወንድ ሁሉ ኮምላ ነው። እናቱ ብትወድም ባትወድም፣ ቄሱ ሲያጠምቁት ጴጥሮስም ቢሉት ጳውሎስ፣ ሰው የሚጠራው በተወለደበት ቀን ነው። ስለዚህ ገበያ መሃል ቆሞ «ኮምላ!» ብሎ የተጣራ ሰው አስራ ምናምን ራስ ሲዞርለት ያያል። መለያ አላጣንም መቼም፤ ሾፌሩን ኮምላ መኪና፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል የሚደውለውን ኮምላ ደወል፣ አንዱን ደግሞ እሱ በሌለበት ኮምላ ሸፋፋ እንለዋለን። የዚህ ታሪክ ባለቤት ኮምላ ሰዓት ነው።

ሙሉ ስሙ ኮምላ አግቤኜጋ ነበር፤ በዚህ ስም የጠራው ሰው ግን የለም ማለት ይቻላል። ወጣት ሳለ ዋና ከተማው ሎሜ ወርዶ ከአንድ ሊባኖሳዊ ዘንድ የሰዓት ጥገና ተማረ። ሲመለስ ይዞ የመጣው አንድ የቆርቆሮ ሳጥን፣ ሦስት ወረንጦና ዓይን ላይ የሚሰካ ማጉያ መነጽር ነው። ሰዓት ያለው ሰው በጣት በሚቆጠርበት ተራራ ላይ ሰዓት ጠጋኝ ሆኖ መቀመጥ ምን የሚሉት ሥራ እንደሆነ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ቤቱን የሚያቆመው የሚስቱ የያዋ የካሳቫ ማሳ ነበር። ያዋም ይህን ከማስታወስ ወደኋላ አትልም። መንገደኛ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ስንት ሰዓት እንደሆነ ከጠየቀ፣ «የኔ ባል የሰው ሰዓት እንጂ የራሱ የለውም፤ ፀሐይዋን እያት» ትለዋለች።

ልጅ አልነበራቸውም። ያዋ ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስቱም አልጸኑላትም። እኛ ዘንድ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለሙታን መጠጥ መሬት ላይ ሲፈስ ስማቸው የሚነሳው ልጅና የልጅ ልጅ የተዉት ናቸው፤ የቀረው ሰው ሞቶ ጥቂት ዓመት ካለፈ ስሙን የሚጠራ አይገኝም። ኮምላ ሰዓት ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አፉን ከፍቶ አያውቅም። ግን መጠጥ በሚፈስበት ቦታ ሁሉ ከኋላ ቆሞ የሚጠሩትን ስሞች በጣቱ ሲቆጥር አይተነዋል።

ፕሮፌሰር ሊንድሆልት የመጡት በበጋ ነው። ረጅም፣ ጎባጣ፣ ፀሐይ ያቀላቸው ፈረንጅ ነበሩ። ያመጣቸው ከከተማው በላይ ያለው ዋሻ ነው፤ እዚያ የሚኖሩትን የሌሊት ወፎች፣ ከወፎቹም ይልቅ በጠጉራቸው ውስጥ ተጣብቀው ደማቸውን የሚመጥጡትን ዝንቦች ፍለጋ ነበር። በመጡ በሁለተኛው ቀን የእጅ ሰዓታቸው ቆመና ኮምላ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ ዓይናቸው ጣቶቹ ላይ ቀረ።

«እጅህ አይንቀጠቀጥም» አሉት።

«የሰዓት ጥርስ ከቁንጫ ያንሳል ጌታዬ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው እርሻ ይሂድ።»

«በዚያ ወረንጦ ዝንብ ማንሳትስ ትችላለህ? ሳትጎዳው?»

ኮምላ ሰውዬውን ፀሐይ መታቸው እንዴ ብሎ ቀና አለ። ያዋም ወሬውን ስትሰማ እየሳቀች፣ «ዝንብ ለመልቀም ነው ባሕር የተሻገሩት? እኛን ቢጠይቁን ከነባሚያው ድስት በሰጠናቸው ነበር!» አለች።

እንዲህ የተጀመረ ሥራ አስራ አንድ ዓመት ቆየ። ፕሮፌሰሩ በየበጋው ይመጣሉ፤ ሲሄዱም ኮምላ ብቻውን ዋሻ እየወጣ ይለቅማል። በሆዱ እየተሳበ ይገባል፣ በመረብ ይይዛል፣ የሌሊት ወፉን በግራ እጁ ጨብጦ በቀኙ ጠጉሩን እየለየ ዝንቡን ያነሳል፣ ብልቃጥ ውስጥ ይከታል፣ ቀኑን ይጽፋል፣ ወፉን ይለቃል። ልብሱ የዋሻው ኩስ ስለሚሸት ያዋ ግቢው በር ላይ ታስወልቀው ነበር።

ፕሮፌሰሩ ፍጥረትን የሚለዩበት መንገድ ለኮምላ ምንም አልከበደውም። ሁሉ ነገር ዘመድ አለው፤ ዝንቦች ታላቅ ነገድ ናቸው፣ ነገዱ በጎሳ ይከፈላል፣ ጎሳው በቤት፣ በየቤቱ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱ ስም አለው። ይህንማ እኛም እናውቀዋለን። ከቤቶቹ ሁሉ ፕሮፌሰሩ የሚወዱት አንዱን ነበር። ስሙ በግሪክ የአቁማዳ ዝንብ ማለት ነው አሉት። የዚህ ቤት ሴት ክንፍና እግር ይዛ ትመጣለች፤ ከወፉ ጆሮ በስተኋላ ቆዳውን በአፏ ትቀድና ትገባለች፤ ከገባች በኋላ ክንፏንም እግሯንም ቆርጣ ትጥላለች። ከዚያ እዚያው ደም እየጠጣች ታብጣለች፤ ከውጭ የሚታየው የቂጧ ጫፍ ብቻ ነው። ልጇንም በዚያው ቀዳዳ ወደ መሬት ትጥላለች።

ኮምላ ይህን ጉድ ለሚስቱ ሲነግራት ያዋ አልገረማትም። «አንዴ ገብታ እጅ እግሯን ጥላ የምትቀር? የኮምላ መኪና አማት ናታ! ለዚህ ዋሻ ምን አስወጣህ?»

በስምንተኛው ዓመት ኮምላ ከዚሁ ከአቁማዳው ቤት አንድ ወንድ ዝንብ ያዘ። ክንፍ አለው፣ ከሰሊጥ ፍሬ ያንሳል፣ ትከሻው ላይ ሦስት ወፋፍራም ጠጉሮች አሉት። ፕሮፌሰሩ በማጉያው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የከሳ እጃቸውን ኮምላ ትከሻ ላይ ጣል አድርገው፣ «ይህን እስከዛሬ ማንም አላየውም። ስም የለውም። ስሙን ባንተ እጠራዋለሁ፤ ዓለም እስካለ ድረስ ከመዝገብ አይጠፋም። ስምህን ንገረኝ፣ ልጻፈው» አሉት።

ስምህ ማን ነው ሲባል የእኛ ሰው የሚመልሰው አንድ ነው። አፉ ከልጅነቱ የለመደውን ይላል።

«ኮምላ» አለ።

ፕሮፌሰሩ ጻፉ፤ በላቲን ጅራት ተቀጠለለትና ኮምላይ ሆነ። ኮምላ ቤቱ ሲደርስ ነበር አግቤኜጋ ማለት እንደነበረበት ትዝ ያለው። በማግስቱ ሊነግራቸው ሲሮጥ ሰውዬው በንጋት መኪና ወርደው ነበር። በደብዳቤ ጻፈላቸው፤ ደብዳቤው ግን ወራት ቆይቶ ደረሰ፤ የታተመ ስም አይቀየርም የሚል መልስ መጣለት።

የታተመው ወረቀት ከነሥዕሉ በመጣ በሳምንቱ ጉድ ፈላ። ኮምላ የዘንባባ ጠጅ መሸጫው ጥላ ስር ሲደርስ ኮምላ መኪና ከወንበሩ ተነስቶ አቀፈው።

«እንኳን ደስ አለን!»

«አለን? አለን ብሎ ነገር ምንድን ነው?»

«ኮምላዎች ነና! ዝንብ ተሰየመልን አሉ። በፈረንጅ መጽሐፍ!»

«ዋሻ ውስጥ በሆዴ የተሳብኩት እኔ ነኝ። ኩስ የበላሁት እኔ ነኝ!»

«ማን ብላ አለህ?» አለ ኮምላ ደወል ከወዲያ። «ወረቀቱን አምጣው እስቲ። ሰዓት የሚል ቃል አለበት? የለበትም። ኮምላ ነው የሚለው። እኔን እናቴ ማን ብላ ጠራችኝ?»

«አንተማ የሌሊት ወፍ ስታይ አልጋ ስር የምትገባ ፈሪ ነህ!»

«ፈሪም ብሆን ማክሰኞ ነው የተወለድኩት» አለ ደወል፣ ሰውም በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያች ቀን ወዲያ ዝንቡ የሁሉም ሆነ። ኮምላ መኪና በሚኒባሱ ግንባር ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ አድርጎ «ኮምላይ» ብሎ አጻፈ፤ ወደ ባሕሩ ዳር ሲወርድ ሲወጣ የማያየው የለም። ማክሰኞ ወንድ ልጅ የወለደች ሴት «ዝንቡ ተወለደ!» ትባል ጀመር። ኮምላ ሰዓት ከአንዱ ጋር ተጣልቶ ከሌላው ጋር ይጀምራል። «ስሙ የኔ ነው» እያለ ሲምል ሲገዘት የሰማ ሰው ስለ ርስት የሚካሰስ ይመስለዋል። ርስትማ ነበር። ሌላ ምን ነበረውና።

ወረቀቱን ግን ሌሎቹ ሳቁበት እንጂ አላነበቡትም። እሱ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛውን እየጎተተ፣ መዝገበ ቃላት ከቄሱ ተውሶ፣ ከፊደል እስከ ፊደል አነበበው። በስተመጨረሻው ላይ የአቁማዳው ቤት አባላት ተዘርዝረው ነበር። ኮምላይ፣ ከአቬጋ፣ የሚታወቀው ወንዱ ብቻ ነው ይላል። ከሱ ከፍ ብሎ ደግሞ ሌላ ስም አለ፤ ሬልትዞቪ፣ ከአቬጋ ተራሮች፣ የምትታወቀው ሴቷ ብቻ ናት። ቀኑ ጀርመኖች አገራችንን ይገዙ የነበረበት ዘመን ነው።

ዝንቧ የተሰየመችበትን ጀርመናዊ፣ ሬልትዞቭን፣ አቬጋ ታውቀዋለች፤ በዚያ ስም ግን አይደለም። እኛ ጌታ ሃያ አምስት ነው የምንለው። ሰው በግንድ ላይ አስተኝቶ ሃያ አምስት ያስገርፍ ነበር፣ ከዚያ አንዲት ለጀርመኑ ንጉሥ ተብላ ትጨመራለች፣ ተገራፊው ራሱ ጮክ ብሎ እንዲቆጥር ይገደዳል። የኮምላ አያት፣ ሽማግሌው አግቤኜጋ፣ የዚህን ሰው የጠርሙስ ሳጥን በአናታቸው ተሸክመው ወደ ባሕር ሲወርዱ ወንዝ ላይ አንድ ጠርሙስ ተሰበረባቸው። ውስጡ በአልኮል የተነከረ የሌሊት ወፍ ነበር። ኮምላ ሕፃን ሳለ የአያቱን ጀርባ የዘንባባ ዘይት ይቀባ ነበር፤ ቆዳው በጣቱ ስር እንደ ገመድ ይሽከረከር እንደነበር እስከ እርጅናው አልረሳውም። ያልተሰበሩት ጠርሙሶች ባሕር ተሻገሩ። ያቺ ሴት ዝንብ ከነዚያ ባንዱ ውስጥ ነበረች፤ ከአያቱ ራስ ላይ ወርዳ በገራፊያቸው ስም ተጠራች።

ይሄ ብቻውን ይበቃ ነበር። የኮምላን እንቅልፍ የነሳው ግን ሌላ ነው። ወንዱ ብቻ፣ ሴቷ ብቻ፣ ካንድ ተራራ። ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ የወደቁ ሁለት ጥርሶች ካንድ ሰዓት መውጣታቸውን ለማወቅ ማንንም አይጠይቅም። ያም ሆኖ ልቡ ያለ ማስረጃ እንዲሸነፍ አልፈለገም። ጆሮው ስር የሃያ አምስት ስም ያላት ሴት እንደ አቁማዳ ያበጠችበት የሌሊት ወፍ ይዞ በወንፊት ሣጥን ውስጥ አኖረው፣ ምስጥ እያበላ፣ ከስሩ ነጭ ወረቀት አንጥፎ። በአራተኛው ቀን አንዲት ነጭ ፍሬ ወረቀቱ ላይ ወደቀች፤ ወዲያው ጠቆረች። ወፉን ለቀቀውና ፍሬዋን በብልቃጥ፣ በእርጥብ ጥጥ ላይ አስቀመጣት። ከሥራ ሲነሳ ያያታል፣ ሲቀመጥ ያያታል።

«ዶሮ እንኳ እንዲህ አትታቀፍም» አለችው ያዋ።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ፍሬዋ ተከፈተች። የወጣው ወንድ ነው፤ ክንፍ አለው፣ ትከሻው ላይ ሦስት ወፋፍራም ጠጉሮች አሉት። ኮምላ ማጉያውን ከዓይኑ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አንገቱን ደፋ።

«ምን ሆንክ? ሞተ?»

«አልሞተም። የሃያ አምስት ልጅ ነው።»

ያዋ በመጀመሪያ አልገባትም። ሲያስረዳት ግን ገባት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ሁለት ስም አይኖራቸውም። የሚጸናው ቀድሞ የተሰጠው ነው። የኮምላ ስም ይሰጥማል። ኮምላ ዝንቡን ከነፍሬዋ ልባስ በአልኮል ውስጥ አስገባው፣ ቀኑን ጻፈበት፣ በሰዓት ሳጥኑ ታችኛው መሳቢያ ደበቀው። ፕሮፌሰሩ ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጡ ምንም አላላቸውም። እሳቸውም አገራቸው ገብተው ሞቱ፤ ብልቃጡ ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ቀረ።

ዶክተር ዴላሊ የመጣችው ኮምላ ከሸበተ በኋላ ነው። የኛው ልጅ ናት፣ ከሸለቆው ወዲህ ካለው ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲ የምታስተምር። ያንን የአቁማዳ ቤት ከላይ እስከ ታች እንደገና ልትመድብ ተነስታለች። ሁለት ሳምንት ዋሻ ወጣች፣ ወረደች፤ ከወፎቹ የሚበዙት ሸሽተው ሄደዋል፤ ባዶ እጇን ቀረች። ልትመለስ አንድ ቀን ሲቀራት ኮምላ ደጃፍ መጣች። ያዋ አክፕሌ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎና የባሚያ ወጥ አቀረበችላት፤ በላች፣ አመሰገነች፣ እጇንም ታጠበች።

«አባባ» አለችው፣ «ይህን የሚያውቅ ሰው ካለ እርስዎ ነዎት። ያቺ ሴትና የእርስዎ ወንድ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?»

ኮምላ ወደ ያዋ አየ። ያዋ ፊቷን ወደ ድስቱ መለሰች። ብዙ ነገር ዋሽቶ ያውቃል፤ ማን አልዋሸም። ግን የማይሠራን ሰዓት ይሠራል ብሎ ለሰው አስረክቦ አያውቅም፣ ይህቺ ልጅ ደግሞ የጠየቀችው የሥራ ጥያቄ ነው።

«አንድ ናቸው» አለ።

ተነስቶ ብልቃጡን አመጣላት። ዴላሊ ቀኑን አንብባ፣ የፍሬዋን ልባስ አይታ፣ ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«ሃያ ሁለት ዓመት ያውቁ ነበር?»

«ስሚ ልጄ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ በኔ ስም መጥራት አይቻልም?»

«ሕጉ ቀድሞ ለተሰጠው ነው አባባ።»

«የቀደመው ገራፊ ቢሆንም? አያቴን ዕቃ አሸክሞ፣ ጀርባውን ልጦ?»

«ሕጉ ማን ቀደመ ብሎ እንጂ ማን ምን ሠራ ብሎ አይጠይቅም።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ቢፈልጉ ግን አልጽፈውም። ይህን ብልቃጥ አላየሁም እላለሁ።»

ኮምላ ብልቃጡን ወደሷ ገፋ አደረገው። 

«አንቺ ባትጽፊው ካንቺ በኋላ የሚመጣው ይጽፈዋል። ያኔ ኮምላ አያውቅም ነበር ይባላል። ጻፊው። ያገኘውም እኔ መሆኔን ጻፊ። ኮምላ ብቻ እንዳትይ፣ አግቤኜጋ በይ። የአያቴንም ነገር ጻፊ፣ ጠርሙሱን፣ ሃያ አምስቱን።»

ጻፈችው፤ ቃሏን ጠብቃለች። አታሚዎቹ ግን ስለ ሽማግሌው አግቤኜጋ የተጻፈውን ይህ ከጉዳዩ ጋር አይሄድም ብለው ቆረጡት። በተረፈው ላይ ሬልትዞቪ የሚለው ስም ጸንቶ ቆሟል፤ ከስሩ በትንሽ ፊደል ኮምላይ ተጽፎ ከጎኑ የእኩል ምልክት ተደርጎበታል። በተመራማሪዎቹ ሕግ የሰመጠ ስም ማለት ይህ ነው፤ ከዝርዝር አይወጣም፣ ማንም ግን አይጠራበትም። ዝቅ ብሎ ደግሞ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን በማስረጃ ያረጋገጠው ኮምላ አግቤኜጋ ነው ይላል። ሙሉ ስሙ በሕትመት ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ወሬው አቬጋ ሲደርስ ገበያ ቀን ነበር። ኮምላ መኪና አርጅቷል፣ ሚኒባሱም አርጅቷል፤ ያም ሆኖ በቢላ የግንባሩን ቀይ ቀለም ሲፍቅ ኮምላ ሰዓት ደረሰበት። ደወልም ሸፋፋም እዚያው ቆመው ነበር።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«የሃያ አምስትን ዝንብ ተሸክሜ አልዞርም» አለ ሾፌሩ ሳይዞር። «ስማችንን ሰጠኸው አይደል? ያውም አንተው ራስህ፣ በገዛ እጅህ! ማነው ያረጋገጠው ሲባል አግቤኜጋ። ማነው አግቤኜጋ? አንተ ነህ!»

«እውነት ነው የተናገርኩት።»

«እውነትህን ብላው! እኛ ምን አገባን? ዋሻ የገባኸው አንተ፣ ኩስ የበላኸው አንተ፣ ያዋረድከውም አንተ። እኛን አታነካካን።» ቢላውን ወደሱ ቀሰረ። «ዝንቡ ያንተ ነው። ከነስሙ ውሰደው።»

ደወልና ሸፋፋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኮምላ ሰዓት ይህችን ቃል ከነዚህ ሰዎች አፍ ለመስማት ከሃያ ዓመት በላይ ተጣልቷል፣ ምሏል፣ ወዳጅ አጥቷል። ከ«ኮምላይ» የቀረው የመጨረሻው ፊደል ብቻ ነበር፤ እሱም ሲፋቅ ቆሞ አየና ወደ ቤቱ ሄደ።

ያዋ ግቢ ውስጥ ካሳቫ ትልጥ ነበር። ፊቱን አይታ ቢላዋን አስቀመጠች።

«ምን አሉህ?»

«ዝንቡ ያንተ ብቻ ነው አሉኝ» አላት።